ከተኳረፍሻት እህትሽ ጋር ውርስ ስትካፈዪ፦ ደረጃ በደረጃ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ከእህቷ ጋር ከተኳረፈች ዓመታት ያለፏት፣ ድንገት ደግሞ «አክስትሽ አርፋለች፣ ወራሾቿ እናንተ ናችሁ» ተብሎ ስልክ ለተደወለላት ሴት። አንዷ አዲስ አበባ ትኖራለች። ሌላዋ ጎጃም ቀርታለች። አክስት ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ቀድሟታል። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አንድ የጭቃ ቤት፣ በስተቢቸና በኩል ጥቂት ጥማድ መሬትና የባሕር ዛፍ ደን፣ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ አንድ ላም ከነጥጃዋ ትታለች። ከደጀን እስከ ቡሬ ብትሄጂ ይህን የመሰለ ቤት አታጪም። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም።

ምክሬ ከብዙ ሽማግሌ ምክር ይለያል። ሽማግሌ «መጀመሪያ ታረቁ፣ ንብረቱ ይደርሳል» ይላል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አስቀድሙ እላለሁ። ዓመታት የቆየ ኩርፊያ በአንድ ከሰዓት ጉልበት ስሞ አያልቅም። ታረቁ ተብለው የተሳሳሙ እህቶች በሳምንቱ በጥጃዋ ምክንያት ሲጣሉ፣ ያኛው እርቅም አብሮ ይፈርሳል። ሥራውን በሥርዓት ከሠራችሁ ግን ቢያንስ አዲስ ጠብ አይጨመርም። ኩርፊያው ለብቻው፣ ውርሱ ለብቻው ይያዝ።

1. እስከ ተዝካሩ ድረስ የሚሠራና የማይሠራ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ቤትና ስለ መሬት አይወራም። ፍራሽ ላይ ተቀምጠሽ «ካርታው የት ነው?» ካልሽ፣ ያቺ ቃል ሰባት ዓመት ትወራለች። ቀብሩ፣ ሳልስቱ፣ አርባው በወጉ ይለፍ።

አርባው እስኪደርስ ግን የማይጠብቅ ነገር አለ። ላሟ ትታለባለች፤ ማን እንደሚያልባትና ወተቱ ለማን እንደሚሆን ይወሰን። ቤቱ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ሳይሆን ሁለታችሁም ለምታምኑት ሰው፣ ለእድሩ ዳኛ ወይም ለጎረቤት፣ ይሰጥ። ደኑን ደግሞ አንድ ሰው ይቁጠረው። ባሕር ዛፍ እንደ ቤት አይቆለፍም። ለማገር የደረሰው ስንት፣ ለምሰሶ የደረሰው ስንት ተብሎ ተቆጥሮ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ከተዝካሩ በኋላ ሄዳችሁ ጉቶ ብቻ ብታገኙ ማን እንደቆረጠ የሚናገር አይኖርም። እናንተም እርስ በእርስ ትጠራጠራላችሁ።

የሣጥኑ ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። የአክስት ወረቀት ሁሉ የሚገኘው አልጋ ሥር ካለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ከላይ በናፍታሊን የታጠፈ የሐበሻ ቀሚስ አለ። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር። የባንክ ደብተሩ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ካርድ፣ ምናልባትም የማዳበሪያ ዕዳ ወረቀት። ይህን ሣጥን ማንም ብቻውን አይክፈተው። ሁለታችሁ ባላችሁበት፣ ካልተገኛችሁም በወኪሎቻችሁ ፊት ይከፈት። አንድ ሰው እያነሳ ይጥራ፣ አንድ ሰው ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም። ቀሚሱንም ጻፉት። «እዚያ ውስጥ የወርቅ ጉትቻ ነበር» የሚል ወሬ የሚወለደው ካልተጻፈ ሣጥን ነው።

2. የመጀመሪያው መልእክት

ደውለሽ ማልቀስ የለብሽም። «ይቅር በይኝ» ብለሽም አትጀምሪ፤ ከልብሽ ከሆነ ጊዜ ይመጣለታል። ታናሽ ከሆንሽ አጭር ጽሑፍ ላኪ፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የአክስታችንን የሞት ምስክር ወረቀት ላወጣ ነው። የወራሽነቱን ማመልከቻ በሁለታችንም ስም እናስገባው ብዬ ነው። የመታወቂያሽን ፎቶ ብትልኪልኝ።»

በቃ። ድሮ የሆነውን አታንሺ፣ ማንንም አትክሰሺ። ዋናው ቃል «በሁለታችንም ስም» የሚለው ነው። የተኳረፈች እህት የምትፈራው መዘለልን ነው፤ ከእሷ ተደብቆ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ስታይ ትመልስልሻለች። ካልመለሰች ከሳምንት በኋላ ያንኑ መልእክት ድገሚው። ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ይሁን።

መልእክት በሰው አታስይዢ። በአጎት ልጅ በኩል የተላከ «ሰላም በያት» እዚያ ሲደርስ «መሬቱን ልሸጠው ነው ብላለች» ሊሆን ይችላል። ደግሞም ልብ በይ፦ ሁለት እህቶች ሲኳረፉ የሚመቸው ሰው ብዙ ጊዜ አለ። መሬቱን በእኩል የሚያርሰው፣ ቤቱን በርካሽ የተከራየው፣ «ሴት ልጅ መሬት ምን ያደርግላታል» የሚለው ዘመድ። ለዚህ ለመጨረሻው የአያቶቻችንን ወግ አስታውሺው። በድሮው የጎጃም ርስት ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚቆጥረው በአባቱ ብቻ አልነበረም፤ በእናቱም ይቆጥር ነበር። ሴት ልጅም ወራሽ ነበረች።

3. ወራሹ ማን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስን በተራ ያስኬደዋል። መጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ ወንድ ሴት ሳይባል እኩል። ልጅ ከሌለ ለሟች እናትና አባት ይሄዳል። እነሱ በሕይወት ከሌሉ በእነሱ ምትክ ልጆቻቸው፣ ማለት የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ ልጆቹ በእሱ ቦታ ይተካሉ።

ስለዚህ እናታችሁ ከአክስታችሁ ቀድማ ካረፈች እናንተ የምትገቡት በእናታችሁ ቦታ ነው። አንድ አጎት በሕይወት አለ እንበል፤ አክስት፣ እናታችሁና አጎት ሦስቱም በአባትም በእናትም አንድ ናቸው። አጎት ግማሹን ይወስዳል። የእናታችሁ ግማሽ ለሁለታችሁ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳችሁ ሩብ ማለት ነው። አጎት ከሌለ፣ ልጅም ካልተወ፣ ግማሽ ግማሽ ይደርሳችኋል።

እናታችሁ ከሌላ ባል የወለደችው ልጅ ካለም ወራሽ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ በጉዲፈቻ ያደገም እንደዚሁ። «እሱ እኮ ጠፍቷል» ብላችሁ አትዝለሉት። የተዘለለ ወራሽ መብቱን ካወቀና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ከሰማ ጀምሮ እስከ 3 ዓመት ድረስ ሊከስ ይችላል። ያኔ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ተበልቶ ይሆናል።

4. «በቃሏ ለእኔ ሰጥታኛለች»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከሁለታችሁ ከአንዳችሁ አፍ መውጣቷ አይቀርም። ምናልባትም እውነት ነው። አክስት ታማ ተኝታ ሳለ «ቤቷ ያንቺ ናት» ብላ ይሆናል። ሕጉ ግን ለቃል ኑዛዜ ጠባብ በር ነው የተወለት። ሰውየው መሞቻው መድረሱን አውቆ ለሁለት ምስክሮች የተናገረው መሆን አለበት። ያውም ሊናገር የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አስተዳደር፣ ወይም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል። በ500 ብር ዛሬ ቤት ቀርቶ በር አይገዛም።

የጽሑፍ ኑዛዜ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ሌላ ሰው የጻፈላት ከሆነ በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን ይግለጽ፤ ቀን ይኑረው፤ እሷና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በገዛ እጇ የጻፈችው ከሆነ ደግሞ ሙሉው የእሷ ጽሕፈት ይሁን፣ ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ወረቀቱን የት ልፈልግ ካልሽ ከሣጥኑ ቀጥሎ የነፍስ አባቷን ጠይቂ። ጎጃም ውስጥ ቄስ ሳያውቀው የተጻፈ ኑዛዜ ብርቅ ነው።

የቃል ተስፋ የተሰጣት እህትሽ ከሆነች «ሕጉ አይቀበለውም» ብለሽ አትሳቂባት። ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

5. ቀበሌና ፍርድ ቤት

የሞት ምስክር ወረቀት የሚወጣው ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ቀኑ ካለፈም ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ያለዚህ ወረቀት የትም አትደርሱም።

ከዚያ የወራሽነት ማስረጃ። ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያዋ በነበረበት ቦታ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ብትኖሪም ማመልከቻው የሚገባው እዚያው ጎጃም ላለው ፍርድ ቤት ነው። አንድ ማመልከቻ፣ ሁለት አመልካች። ምስክሮቹ ቤተሰቡን ከነትውልዱ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ የእናታችሁ የሞት ማስረጃም አይቅር። መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከጥሪ ስም ጋር የሚለያይ ከሆነ (አክስት በደብተሩ ላይ በክርስትና ስሟ ተጽፋ ይሆናል) አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ብዙ ቀጠሮ የሚበላው እሱ ነው።

መምጣት ያልቻለችው ውክልና ትስጥ፤ አዲስ አበባ ያለችው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ፣ ውጭ አገር ያለችው በኤምባሲ በኩል። ውክልናውን ለማን? ለእህትሽ ባትሰጪ አይደንቅም። ለባሏም አትስጪ፣ ለባልሽም አትስጪ። ሁለታችሁ የምትስማሙበት ሰው ይሻላል። ውክልናው ላይም «ማስረጃ ለማውጣት» ይባል እንጂ «ለመሸጥ ለመለወጥ» አይጨመርበት።

ከአዲስ አበባ ማርቆስ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሰሞን ግን ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ወሬውን ነው የሚጠየቀው። መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ቢሮውም መሥራቱን ሳታጣሪ አትነሺ። ቀጠሮሽ ቀን መንገድ ቢዘጋ ፈጥና የምትደርስልሽ እዚያ ያለችው እህትሽ ናት። ስልኳን ማወቅሽ ለዚህም ይጠቅማል።

6. ንብረቱን በሦስት ክምር ለዩት

የወራሽነት ማስረጃ ወራሽ መሆናችሁን ይናገራል እንጂ ማን ምን እንደሚወስድ አይናገርም። ክፍፍሉ የእናንተ ሥራ ነው። መጀመሪያ ግን ዕዳ። የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል። የማዳበሪያም፣ የብድርና ቁጠባም፣ የጎረቤትም። የተረፈው ነው ውርስ።

አንደኛው ክምር የከተማው ቤት ነው። ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ወይም አንዷ የሌላዋን ድርሻ ትገዛለች። ዋጋውን ከአንድ ደላላ ብቻ አትስሙ። ከተቻለ መሸጡ ወይም መገዛዛቱ ይሻላል። ተኳርፈው አብረው ቤት ያከራዩ እህቶች በየወሩ መጨረሻ አዲስ ጠብ ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው የገጠር መሬት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም። የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ይህም የሚመራው በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ እንጂ ቤቱና ገንዘቡ በሚመሩበት ሕግ ብቻ አይደለም። ከሟች ጋር አብሮ እየኖረ በዚያው መሬት ሲተዳደር የነበረ የቤተሰብ አባል በዚህ ሕግ የራሱ ቦታ አለው። ከተማ ተቀምጣ ደመወዝ የምትበላዋ ጥያቄ ከአራሿ ጥያቄ እኩል ላይታይ ይችላል። መሬቱም ከተወሰነ ልክ በታች አይቆራረስም። ስለዚህ አረንጓዴውን ደብተር ይዛችሁ ሁለታችሁም በአንድ ቀን የወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አንዷ ብቻዋን ሄዳ የሰማችውን ብትናገር ሌላዋ አታምናትም።

ደኑን ግን ከመሬቱ ለዩት። ዛፉ የተተከለ ሀብት ነው፤ ተሽጦ ብሩ ይከፈላል። በእኩል የሚያርስ ሰው ካለም የዘንድሮ ምርት እስኪሰበሰብ አታባርሩት። ጤፉ በታጨደ ጊዜ አውድማው ላይ ሁለታችሁም ወይም ወኪሎቻችሁ ተገኙ። ድርሻው በቁና ሲሰፈር ያየ ሰው በኋላ አይጨቃጨቅም።

ሦስተኛው ክምር የባንኩ ገንዘብ፣ ከብቱና የቤት ዕቃው ነው። ባንኩ በማስረጃው ይከፍላችኋል። ስለ ቤት ዕቃው መጨረሻ ላይ።

7. የጧሪዋ ሒሳብ

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። እዚያ የቀረችው እህት «አንቺ በዓመት አንዴ ስትደውዪ እኔ ነኝ ያጠብኳት» ትላለች። እውነቷን ነው። ከተማ ያለችውም «መድኃኒቱን የላኩት እኔ ነኝ» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። በፍትሐ ብሔሩ የውርስ ድርሻ ይህ ሁሉ አይቆጠርም፤ እኩል ነው። እናንተ ግን በስምምነት የፈለጋችሁትን መቁጠር ትችላላችሁ። እኔ ብሆን እቆጥረዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍፍል ከመጀመሩ በፊት ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ያዙ። ላለፉት ዓመታት ለአክስት ያወጣችሁትን ጻፉ፤ የሐኪም ቤት፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የተላከ ብር። ደረሰኝ ያለው ይያያዝ፤ የሌለው «በግምት» ይባል። ብር ያልሆነው ድካም ደግሞ በሌላ ገጽ ይጻፍ፤ ማን ውሃ ቀዳ፣ ማን ሌሊት ተነሳ፣ ማን ወደ ጠበል ይዟት ወጣ። ወረቀቶቹን ተለዋወጡና አንዷ የሌላዋን ድምፅ ሳታሰማ ታንብብ። መልስ በዚያው ቀን አይሰጥ።

ይህ ለሒሳቡ ብቻ አይደለም። ብዙ ኩርፊያ «አልታየሁም» ነው። የእህትሽን ገጽ ስታነቢ የማታውቂው ነገር እንደሚኖር ጠብቂ። ከዚያ ለጧሪዋ ከክፍፍሉ በፊት አንድ ነገር ይውጣላት፤ ላሟ ከነጥጃዋ፣ ወይም ከቤቱ ሽያጭ የተወሰነ ብር። አክስት በቃሏ የሰጠቻትም ነገር ካለ ሕጉ ባይቀበለው እዚህ ላይ ይታሰብላታል። ስሙም «ምጽዋት» ወይም «ለዝምታዋ» አይባል፤ በስምምነቱ ላይ «ሟችን ለጦረችበት» ተብሎ ይጻፍ።

8. ሽማግሌና ስምምነት

ሽማግሌ ሦስት ይበቃል። አንቺ አንድ፣ እሷ አንድ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ሽማግሌዎች ይምረጡ። ቄስ ቢኖርበት መልካም ነው። ከውርሱ ድርሻ ያለው፣ መሬቱን የሚያርስ ወይም ቤቱን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ግን ሽማግሌ አይሆንም። አጎት ቢቆጣም አይሆንም።

ሥራቸውንም ወስኑላቸው። ስለ ድሮው ጠብ እንዲፈርዱ አትጥሯቸው። «ቤቱ፣ ደኑ፣ ጧሪነቱ» በሏቸው። አንዱ ሽማግሌ «እስቲ ያኔ ለምን ተጣላችሁ?» ብሎ ከጀመረ፣ «አባቴ፣ እሱን ሌላ ቀን» ማለት ነውር የለውም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል። የተስማማችሁት ሁሉ ይጻፍ፤ ማን ምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚረከብ፣ ቀሪ ክፍያ ካለ በየትኛው ወር። ምስክሮች ይፈርሙበት። ጉዳዩ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ገብቶ ከሆነ ስምምነቱን ለዳኛው አቅርባችሁ አስጸድቁት። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

9. የመጨረሻዎቹ ሥራዎች

ስም ማዛወር አይቆይ። የከተማው ቤት በማዘጋጃ ቤት፣ መሬቱ በወረዳው፣ የቆየ ግብር ካለም ተከፍሎ። በሟች ስም የቆየ ቤት ልጆቻችሁን ያጣላል።

የሣጥኑ ዕቃ በብር አይከፈልም። ቀሚሱ፣ የአንገት መስቀሉ፣ ጀበናው፣ መሶቡ አንድ ቦታ ይደርደር። ታላቅየዋ በሁለት መደብ ትክፈለው፣ ታናሽየዋ ቀድማ ትምረጥ። የከፈለችው የምትመርጠውን አታውቅምና መደቦቹን እኩል ለማድረግ ትጠነቀቃለች። ሁለታችሁም አንዱን ነገር ብቻ ከፈለጋችሁ፣ የአንገት መስቀሉን እንበል፣ ዕጣ ይጣል። ወይም ነፍስ አባቷ ለቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት።

የሙት ዓመቱን ወጪ ከክፍፍሉ በፊት ከጋራው ላይ አንሱና ለብቻ አስቀምጡት። ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ጋን ጠላ፣ ካህናቱና የእድሩ ሰዎች ስንት እንደሚሆኑ አሁኑኑ አስሉ። ጌሾውን ማን ትገዛለች፣ ጥንስሱ በማን ቤት ይሆናል፣ እሱም ይጻፍ። ብሩ በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ በሚወጣ የባንክ ደብተር ይቀመጥ፤ ቀኑ ሲደርስ ሁለታችሁም ባንክ መሄድ አለባችሁ።